ለሣር ሜዳው ችግኝ ሳይሆን ዶማ ይዛችሁ ኑ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት ሲገባ የበጎ ፈቃድ ምዝገባ ይጀመራል፤ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የእድር አባሉ ሳይቀር ችግኝ ተሸክሞ ይወጣል። ለተራቆተው የደጋ ተራራ የሚደገፍ ሥራ ነው። ችግር የሚመጣው ያው መርሐ ግብር፣ ያው ችግኝ፣ ያው ወር ሳይቀየር ወደ ቦረናና ጉጂ ቆላ ሲወርድ ነው። ነጌሌ አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳም ሆነ በያቤሎና በሜጋ ዙሪያ ያለው ሣር ለበስ መሬት የዛፍ እጥረት የለበትም። የጎደለው ሣር ነው፤ ሣሩን ካጠፉት ነገሮች አንዱ ደግሞ የበዛው እንጨት ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ወደዚያ ለመውረድ ያሰበ ማኅበር ካለ ችግኙን ትቶ ዶማና የቆዳ ጓንት ይግዛ እላለሁ።

መጀመሪያ የወሩ ነገር። አዲስ አበባ ላይ የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ ቦረና ደረቅ ነው። እዚያ ዋናው ዝናብ ‹ገና› የሚባለው ሲሆን ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ይጥላል፤ አጭሩ ‹ሃጋያ› ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ‹አዶሌሳ› ናቸው፤ ደመናው ይመጣል፣ ብርዱ ይመጣል፣ ዝናቡ አይመጣም። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ሃጋያ እስኪደርስ ሁለት ወር ከምናምን ያለ ውኃ ይቆያል። ከብቱ ራሱ ውኃ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ በሚጓዝበት አገር ለችግኝ ቦቴ ማን ይመድባል? አዶሌሳ ግን ለምንጣሮ ይመቻል፤ መሬቱ ደርቆ መኪና ያስገባል፣ አየሩ ለጉልበት ሥራ ቀዝቃዛ ነው፣ መሬት ላይ የሚጥሉት ወፎችም በገናው ዝናብ ጫጩቶቻቸውን አድርሰዋል።

ቁጥቋጦው ለምን በዛ ለሚል አጭር መልስ አለ። የቦረና አርብቶ አደር ሣሩን በየጊዜው በእሳት ያድስ ነበር፤ እሳቱ የግራሩን ቡቃያ ገና በልጅነቱ ያስቀረዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቃጠሎ ሲከለከል ያ መቆጣጠሪያ ጠፋ። በዚያ ላይ ቋሚ ሰፈራው በዛ፣ ለደረቅ ወቅት ይቆጠብ የነበረው ግጦሽ ታረሰ፣ ከብቱም ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሣሩ ሲሳሳ ለእሳት የሚሆን ማገዶ አይኖርም፤ ከቡቃያው ጋር እርጥበት የሚሻማ ሥርም አይኖርም። በጥቁሩ መሬት ላይ ፉሌንሳ፣ በሌላው ላይ ሰጰንሳ ጉራቻና ሐመሬሳ የሚባሉት እሾሃማ የግራር ዓይነቶች ሜዳውን የያዙት በዚህ መንገድ ነው።

በሊበን ሜዳ ነገሩ ከከብት መኖም ያልፋል። የሊበን ላርክ የምትባለው ትንሽ ቡናማ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ተገኝታ በ1975 በሳይንስ ስም ተሰጣት፤ በአገራችን የምትታወቀው በዚህ ሜዳና በጅጅጋ አካባቢ ባለው ሣር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው አእዋፍ ተርታ ናት። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ በሣር ጉቶ ሥር ተጠግታ ነው። ጉቶ ከሌለ ጎጆ የለም። የአካባቢው ማኅበረሰብ ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆኖ ሜዳው ላይ ካሎ እየከለለ ሣሩን ያሳረፈው ለዚህም ጭምር ነው። ካሎ ደግሞ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ቦረናና ጉጂ ለጥጃና ለደካማ ከብት ሣር የሚያቆዩበት የቆየ አጥር ነው። በጎ ፈቃደኛው የሚመጣው ይህን ሥርዓት ሊያግዝ ነውና የት እንደሚመነጠር፣ የት እንደማይነካ የሚወስኑት የዴዳው፣ ማለትም የጋራ ግጦሽ ክልሉ፣ ሽማግሌዎችና የካሎው ኮሚቴ ናቸው። የወረዳው አርብቶ አደር ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም። ሽማግሌዎቹ ያልመከሩበት አጥር በሳምንቱ ቢፈርስ ሊገርመን አይገባም።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ የመጀመሪያው ቀን ሥራ መቁረጥ ሳይሆን ምልክት ማድረግ ነው። ሜዳውን በገመድ 50 በ50 ሜትር እየከፈሉ መያዝ ይመቻል፤ አራቱ አንድ ሄክታር ይሞላሉ። ምልክት የሚደረግበት የሚቆረጠው እንዳይመስላችሁ፤ የሚቀረው ነው። ኖራ በጥብጦ በሚቀረው ዛፍ ግንድ ዙሪያ ቀለበት መቀባት፣ ነጭ የሌለበት ሁሉ ይቆረጣል ብሎ መስማማት። በተቃራኒው ከተሠራ ኖራ ያለቀበት ቡድን በግምት ይቀጥልና ያልታሰበው ዳዳቻ ይወድቃል። ዳዳቻ፣ ያ ጃንጥላ መሳዩ ግራር፣ አይነካም፤ ጥላውም ፍሬውም ለከብቱ ነው። ከጎልማሳ ሰው ጭን የወፈረ ማንኛውም ዛፍም ይተው። በያቤሎና በሜጋ በኩል ለሚሠሩ ደግሞ ተጨማሪ ማሳሰቢያ አለ። የያቤሎ ቁራ የሚባለው፣ ከዚያ አካባቢ ውጭ በዓለም ላይ የማይገኘው ወፍ ትልልቅ ግራር አናት ላይ በእሾህ ጭራሮ ክብ ጎጆ ይሠራል፤ የሚመገበው ግን አጭር ሣር ባለበት ገላጣ መሬት ላይ ነው። ሁለቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ እዚያ ሁሉንም መላጣ ማድረግ ከመተው አይሻልም። የሊበን ሜዳ መሐሉ ግን ድሮም ገላጣ ነበርና በሜዳው ላይ የተዘረጋው ፉሌንሳ ያለ ብዙ ክርክር ሊወጣ ይችላል።

አቆራረጡ ላይ ነው አብዛኛው ድካም ከንቱ የሚቀረው። ፉሌንሳንም ሰጰንሳንም በጉልበት ከፍታ በመጥረቢያ ብትቆርጡት ዝናብ ሲመጣ አንድ የነበረው ግንድ አምስት ስድስት ሆኖ ይወጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ከበፊቱ የባሰ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ይሆንና ምንጣሮ አይጠቅምም የሚል ወሬ ይነሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሚያቆጠቁጡት እንቡጦች ያሉት ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት አንገት ላይ ነው፤ ሥሩም ስንቁን እንደያዘ ነው። ስለዚህ አፈሩን በዶማ ዙሪያውን ገልጦ፣ ከመሬት በታች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ወርዶ፣ አንገቱን ጨምሮ መቁረጥ። ከዚያ አፈሩን መልሶ በእግር መጠቅጠቅ። አውራ ጣት የማያህለው ቀጭኑ በዶማ ጎን ተመትቶ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ በእጅ ይወጣል። ዶማ የማያስገባ ድንጋያማ ቦታ ከሆነ መሬቱን አስጠግቶ መቁረጥና የቀረውን ጉቶ ልጣጩን እስከ አፈሩ ውስጥ ድረስ በገጀራ መላጥ ነው፤ እንደ መጀመሪያው ባይሆንም ብዙውን ያደርቀዋል። ጉቶ ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ የሚያፈሱ አሉ። ይህ ይቅር። ያንን ቦታ ሣር አይበቅልበትም፤ ጎርፉም ወደ ኩሬ ይዞት ይሄዳል። የአረም ማጥፊያ ኬሚካልም ለሠለጠነና መከላከያ ለለበሰ ሰው እንጂ ለሳምንት ለመጣ ተማሪ የሚታደል አይደለም።

የሥራ ክፍፍሉ በስድስት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሁለቱ ይገልጣሉ፣ ሁለቱ ይቆርጣሉ፣ ሁለቱ በባላ እንጨት እሾሁን ይጎትታሉ። በየሰዓቱ ይቀያየሩ፤ ቀኑን ሙሉ ዶማ የያዘ ሰው ከሰዓት በኋላ አንገቱን ትቶ ላይ ላዩን መቁረጥ ይጀምራል። ተቆጣጣሪው የሚያየው የተቆለለውን ጭራሮ ሳይሆን ጉድጓዱን ነው፤ ጣቱን ሰድዶ ጉቶው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ ይለካ። በመጥረቢያና በዶማ ዛቢያ በኩል መለዋወጫ መያዝ አይረሳ፤ ዛቢያ ሲሰበር ነጌሌ ድረስ ሰው መላክ የግማሽ ቀን ሥራ ይበላል።

ፉሌንሳን ለማያውቅ አንድ ነገር ልናገር። ቅርንጫፉ ላይ ጠቆር ያሉ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ እብጠቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ፣ ከግራና ከቀኝ የሰው ጣት የሚያህል ነጭ እሾህ። ንፋስ ሲነፍስ ቀዳዳዎቹ ያፏጫሉ። ውስጣቸው የሚኖሩት ጉንዳኖች ቅርንጫፉ ሲነካ ይወጡና በክንድ ላይ ይሮጣሉ፤ የዛፉ ዘበኞች ናቸው። ስለዚህ ረጅም እጅጌ፣ እጅጌውና ሱሪው ጫፉ ላይ በክር የታሰረ፣ የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መነጽር። እሾሁ ሸራ ጫማንም በረባሶንም ይበሳል፤ ወፍራም ሶል ያለው ቡትስ የሌለው ሰው ዘር ለቀማ ላይ ይመደብ እንጂ ጉተታ ላይ አይግባ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከመሄድ በፊት ይወሰድ፤ ለየቡድኑ ወረንጦ፣ ሳሙናና አዮዲን ይኑር። ውኃ ለሰው በቀን ከ5 ሊትር ያላነሰ፣ ያውም ከከተማ ተጭኖ የመጣ። የመንደሩን የኤላ፣ የጥልቅ ጉድጓድ፣ ውኃ በሃምሳ እንግዳ መጨረስ ነውር ነው።

የተቆረጠው እሾህ ሀብት ነው፤ ቆልሎ ማቃጠል ብክነት ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው። የክምር እሳት ከሣር እሳት የተለየ ነው፤ ረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ስለሚነድ ከሥሩ ያለውን አፈር ይጠብሰውና ለዓመታት ራሰ በራ ያደርገዋል። ይልቅ ረዘም ረዘም ያለው ለካሎው አጥር ይሁን፤ ግንዱ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ፣ ቁመቱ እስከ ደረት፣ ውፍረቱ ደግሞ ፍየል ራሷን አስገብታ የማትገፋው። ምስጥ ስለሚበላው በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ይህም ለሚቀጥለው ዓመት ምንጣሮ ምክንያት ይሆናል። ትንንሹ ጭራሮ በራሰ በራው መሬት ላይ ሳስቶ ይበተን። ከብት አያስረግጥም፣ ንፋሱን ያበርዳል፣ ከሥሩ እርጥበት ያቆያል። ከሰል የማክሰል ነገር ግን ከመጀመሪያው መነጋገር ይፈልጋል። ለቤት ማገዶ የሚሆነውን መንደሩ ይውሰድ። ከሰል ነጋዴ ከገባ ግን መጥረቢያው ከቀጭኑ ፉሌንሳ ወደ ወፍራሙ ዳዳቻ መዞሩ አይቀርም፤ ጥሩ ከሰል የሚወጣው ከወፍራሙ ነውና።

ዘር መዝራት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ከመወሰኑ በፊት መሬቱን በጉልበት ተንበርክኮ ማየት ይገባል። የሞተ የሚመስለውን የሣር ጉቶ በጣት ፈልቀቅ አድርጉት። ከሥሩ ነጣ ያለ፣ ሲጫኑት የሚጠነክር እንቡጥ ካለ ሕያው ነው። ግራጫ ሆኖ እንደ ትንባሆ የሚፈረፈር ከሆነ ሞቷል። በየአንድ ሁለት እርምጃው ሕያው ጉቶ ከተገኘ ዘር አያስፈልግም፤ ቁጥቋጦውን ማንሳትና ሁለት ዝናብ ማሳረፍ ይበቃል። ብዙው የሊበን ሥራ እንዲህ ያለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዘር የሚያስፈልገው ከብት ረግጦ ባጠነከረውና ታርሶ በተተወው መሬት ላይ ነው።

ዘሩ ከዚያው አካባቢ ሣር ይለቀም፤ ማታ ጉዴሳ፣ አላሎ፣ ጋጉሮ ከሚባሉት። ከሌላ አገር ወይም ከምርምር ጣቢያ የመጣ የተሻሻለ ዝርያ ለመኖ እርሻ ይሁን፤ ለዚህ አይደለም። የገናው ዝናብ ሲያባራ፣ በሰኔ፣ የሣሩ ዛላ ሲበስል ከላይ ወደ ታች በእጅ እየመጠጡ በጆንያ መሰብሰብ ነው። የተለቀመውን ቆንጥሮ መዳፍ ላይ ማሸት፤ ለስላሳው ላባ ተነስቶ ጠንካራ ፍሬ ካልቀረ ገለባ ነው የለቀማችሁት። ማታ ጉዴሳ አዲስ ዘሩ ስለሚያንቀላፋ ወዲያው ቢዘራ ጥቂቱ ብቻ ይበቅላል። በጆንያ፣ በደረቅና አየር በሚገባበት ቦታ ከስድስት ወር በላይ ቢቆይ ይነቃል፤ በሰኔ የተለቀመው ለመጋቢት ይደርሳል። ፕላስቲክ ማዳበሪያ ውስጥ አፉን አስሮ ማስቀመጥ ማሻገት ነው። ከመዘራቱ በፊት 100 ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ሁለት ሳምንት መጠበቅ። ሠላሳ ካልበቀለ የዘሩን መጠን እጥፍ ማድረግ ነው።

ደህና ዘር ከሆነ ለሄክታር 4 ወይም 5 ኪሎ፣ ማለትም ለአንዱ 50 በ50 ክፍል አንድ ኪሎ ገደማ ይበቃል። ላባው ከእጅ ስለማይለቅ ከሦስት አራት እጥፍ ደረቅ አሸዋ ወይም ከተፈጨ እበት ጋር ይቀላቀል። የደረቀውን የአፈር ቅርፊት በመንጠቆ ወይም በእሾህ ቅርንጫፍ ጎትቶ መጫር፣ መበተን፣ መልሶ በስሱ መጎተት፣ ከዚያ ጭራሮውን ማልበስ። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ የተቀበረ አይወጣም። ጊዜው ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ቀድሞ ከተዘራ ጉንዳን ይወስደዋል፤ ዝናቡ ከገባ በኋላ ከሆነ ደግሞ አረሙ ይቀድመዋል።

ስለ አረም ካነሳን፣ ቅንጬ (ፓርተኒየም) የተባለውን መጤ አረም ወደ ሜዳው የሚያስገባው እንግዳው ራሱ ሊሆን ይችላል። ዘሩ በመኪና ጭቃ፣ በጫማ ሶል፣ በተጋዘ ድርቆሽ ውስጥ ይመጣል። መኪናው ነጌሌ ላይ ይታጠብ፣ ጫማው ይቦረሽ፤ ለፍራሽ ተብሎ ከሌላ ወረዳ ጭድ አይጫን። በመንገዱ ዳር ከታየ ሳያብብ፣ በጓንት፣ ከነሥሩ ይነቀል፤ ባዶ እጅ ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ምንጣሮ የአንድ ጊዜ ዘመቻ አይደለም። ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢቆረጥ የተወሰነው ያቆጠቁጣል፤ አፈር ውስጥ ያለውም የግራር ዘር ብርሃን ሲያገኝ ይበቅላል። ከሃጋያ በኋላ፣ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ፣ ተመልሶ እንቡጡን መስበር፣ ቡቃያውን መንቀል ያስፈልጋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። የመመለሻ ጉዞ በጀት ያልያዘ ማኅበር ባይጀምር ይሻላል። አራት ክፍል መንጥሮ ሁለት ጊዜ መመለስ አርባ ክፍል መንጥሮ ከመቅረት ይበልጣል። ፍየልና ግመል እዚህ ላይ ይረዳሉ፤ ሣሩ ሳይበላ ለስላሳውን እንቡጥ እንዲቀነጥቡ እረኛው ለተወሰኑ ቀናት ቢያስገባቸው ካሎው አይጎዳም። ከብት ግን ሁለት ዝናብ እስኪያልፍ አይግባ፤ ሣሩ ታጭዶ ለጥጃ ቢወሰድ ይመረጣል፣ አጨዳውም መሬት ድረስ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ስንዝር እየተው። ሳይታጠር የተመነጠረ መሬት ከብቱ በአንድ ወር ይግጠውና ለሚቀጥለው ፉሌንሳ መደብ ይሆናል። ዝናብ ሲጥልና ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ሣሩ ውስጥ በቡድን መመላለስ አይፈቀድ፤ ወፏ የምትጥለው ያኔ ነው።

እሳት ሁሉንም በርካሽ ይሠራል የሚሉ አዛውንቶች ልክ ናቸው። ሆኖም እሳት ማገዶ ይፈልጋል፤ ዛሬ ሣሩ ሳስቶ ባለበት ቢለኮስ ጉልበት የሌለው ነበልባል ቡቃያውን ለብልቦ ያልፋል እንጂ አይገድልም። ካሎው ሁለት ሦስት ዓመት አርፎ ሣሩ ሲቆም፣ በየካቲት መጨረሻ፣ ዙሪያው ተጠርጎ፣ በሽማግሌዎችና በወረዳው ስምምነት የሚደረግ ነገር ነው። የበጎ ፈቃደኛው ድርሻ የእሳት መከላከያውን መስመር መጥረግ ብቻ ይሁን፤ ክብሪቱ በሚያውቁት እጅ ይቆይ።

ውጤቱስ በምን ይለካ? የ50 ሜትር ገመድ ዘርግቶ በየሜትሩ ቀጭን ዘንግ ወደ መሬት መልቀቅና ጫፉ የነካውን መጻፍ ነው፤ ሣር፣ ባዶ መሬት፣ ሌላ ቅጠል፣ ቁጥቋጦ። በሁለት መስመር 100 ነጥብ ስለሚሆን መቶኛው ያለ ስሌት ይወጣል። ከምንጣሮው በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ካስማ መካከል። የማስተባበሪያው የሪፖርት ቅጽ ግን የሚጠይቀው የተተከለ ችግኝ ብዛት ነው፤ ሣር ያተረፈ ቡድን እዚያ ቅጽ ላይ ዜሮ ይሞላል። ለቆላው ሌላ ቅጽ ይዘጋጅ፤ የተመነጠረ ክፍል፣ ሁለተኛ ጊዜ የተጎበኘ ክፍል፣ የሣር ነጥብ ከመቶ። ምዝገባውም ከሐምሌው ጋር የታኅሣሡን ጉዞ አብሮ ያስፈርም። ችግኝ መትከል የሚፈልግ ካለ ደግሞ ነጌሌ ከተማ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ግቢ አለ፤ በመጋቢት ተተክሎ በባልዲ ይጠጣል።

ከሰላምታ ጋር
የግጦሽ መሬት ባለሙያ